የጠጄ ዳኜ የክርስትና ስም

መንዝ ውስጥ፣ በቀየት አካባቢ ወዳጆን የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ የሚያውቀው በባናው ነው። ሚስቱ ዘነበች የፈተለችውን የበግ ጠጉር ሸምኖ የሚያወጣው ባና የታኅሣሥን ውርጭ አያሳልፍም ይባልለት ነበር። የሚበዛው ሰው ግን የሚያውቀው በለቅሶው ነው። ወዳጆ መልኩን አይቶት ለማያውቅ ሰው ሐዘን ይቀመጥ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከራዲዮ ጋር ነው። ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ድርቁም ሳይመጣ፣ ወዳጆ አራት ባና ሸጦ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ገዛ። በአጥቢያው የመጀመሪያዋ ነበረች። ድንጋይዋ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ጥቂት ነፍስ ሲዘራ መልሶ ይከተዋል። እየሸመነ ዘፈኑንም፣ ቀልዱንም፣ የኳሱንም ወሬ ይሰማል። ታዲያ አንድ ቀን፣ በዚያች ራዲዮ ሲያስቀው የኖረ አንድ ቀልደኛ ሞተ ተብሎ ተነገረ። ወዳጆ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ያ ሰው ስንት ክረምት አስቆታል። ዘነበች ታማ በተኛችበት ወር እንኳ አስቆታል። እሱስ ለዚያ ሰው ምን አደረገለት? እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለውም፤ የት አግኝቶት ይበለው።

በማግስቱ ወደ አጥቢያው ቄስ፣ ወደ መምሬ ተክለጻድቅ ሄደና ለዚያ ሰው በአርባው ቀን ፍትሐት እንዲያደርሱለት ለመነ። ወዳጆ ልጆች ካፈራ በኋላ ፊደል ልቁጠር ብሎ ሲነሣ አገሩ ሁሉ ሲስቅበት፣ ያልሳቁበት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፊደሉን ካስያዙት ወዲህ ዳዊቱንም ተአምሩንም ለብቻው እየታገለ ነው ያነበበው። መምሬ አሁንም አልሳቁበትም። እሺ አሉት። ወዲያው ግን የክርስትና ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቁት።

ወዳጆ ምን ይመልስ። ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንዱ እናት አባት ያወጡለት፣ ጎረቤት የሚጠራው፣ ራዲዮ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ቄስ የሚያወጣላቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ለሕያውም ለሙትም የሚጸለየው በዚህ በሁለተኛው ነው። ራዲዮ ደግሞ ይኼን ስም አይናገርም።

"እግዚአብሔር አያውቀውም እንዴ፣ መምሬ?" አለ ወዳጆ።

"እሱማ ያውቀዋል። የማላውቀው እኔ ነኝ።"

ይህ መልስ ወዳጆን ለምን እንደዚያ እንዳንገበገበው የሚያውቁት ዘነበችና መምሬ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ነበረች። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ሞተች። ቄስ የሚጠራው ስም የላትምና ፍትሐት አልተደረሰላትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ኮሶ ሥር ቀበሯት። ከዚያ በኋላ አምስት ልጆች ወለዱ፤ አምስቱም ተጠመቁ፣ አምስቱም አደጉ፤ ወዳጆም ለዚህ በየቀኑ ያመሰግናል። ስሟ ያልተጠራ ነፍስ የት ትቆም ይሆን የሚለውን ግን በእጁ በገቡት መጻሕፍት ሁሉ ፈልጎ አላገኘውም።

መፍትሔው የመጣው በአውቶቡስ ነው። መኳንንት የሚባል ሹፌር ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ በየሳምንቱ ይመላለሳል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የማንንም ዕቃ፣ የማንንም ደብዳቤ እንቢ አይልም። ወዳጆ ለገበያ ባና ይዞ በሄደ ጊዜ ጉዳዩን አጫወተው። መኳንንት በመጀመሪያ አላመነም። "ጋሽ ወዳጆ፣ የሟች ቤት ገብቼ፣ ሰዉ ደረቱን እየደቃ፣ 'ይቅርታ፣ የክርስትና ስሙን ፈልጌ ነው' ልበላቸው?" ብሎ ሳቀ። የወዳጆን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። በሁለተኛው ሳምንት ስሙን ይዞ መጣ፤ ገብረ ሚካኤል። ወዳጆ መኪናው ጎማ ሥር ተደፍቶ መሬት ሊስም ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዘ። በግራ የዓለም ስም፣ በመካከል የክርስትና ስም፣ በቀኝ ስሙ እጁ የገባበትን ቀን ይጽፋል። በሰባት ዓመት አሥራ ሰባት ሰው ሞሉ፤ ዘፋኞች፣ አንድ ዋሽንት ነፊ፣ አንድ በረኛ፣ አንዲት ዜና አንባቢ፣ በጠላት ጊዜ ያደረጉትን በራዲዮ ሲተርኩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አርበኛ። መኳንንት አንዱንም ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም። መምሬም እነዚያን ስሞች ከአጥቢያው ሙታን ጋር ቀላቅለው ይጠሯቸዋል። ጎረቤት ግን ዝም አይልም፤ "ዛሬስ ማን ሞተብህ?" እያለ በመንገድ ያስቆመዋል። ዘነበች ደግሞ "የአዲስ አበባ ዕድር ዳኛ" ብላ ስም አውጥታለት ነበር። እንዲህ እያለችም ለያንዳንዱ ሙት ንፍሮ ትቀቅላለች።

በ1970 ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር 24 ቀን፣ ጠጄ ዳኜ ሞተች።

ጠጄ ከጓሳ ተራራ ማዶ፣ የግሼ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከተማ ገብታ ዘፋኝ ሆነች። ወዳጆ ከአሥራ ሰባቱም ይልቅ ለእሷ የሚያደላበት ምክንያት ነበረው። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቿ ጋር መሐል ሜዳ መጥታ ገበያው መካከል ጭነት መኪና ላይ ቆማ ዘፍና ነበር። ነፋሱ አቧራውን አፏ ውስጥ ይሞጅረዋል። በዘፈን መካከል ውሃ ብላ ጠየቀች፤ ከመኪናው ሥር የቆመው ወዳጆ ቅሉን አቀበላት። እስከ ታች ጠጥታ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ መለሰችለትና፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ጋሼ" አለችው። ወዳጆ ያንን ቅል ይዞ ሲገባ ፊቱ ላይ ያየችውን ዘነበች አልረሳችውም። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንዳይሳለመው ብላ በማግስቱ እርሾ አኖረችበት።

ራዲዮው ስለ ጠጄ የተናገረው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ወዲያው የሰልፍ ማርሽ ተከተለ። ያ ዓመት እንደዚያ ነበር። ከከተማ የሚመጣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነግረው ሞት ነበር፤ አብዛኛው ሁለት መስመርም አላገኘም። ወዳጆ ደብተሩን ከፈተና ከአሥራ ሰባቱ በታች "ጠጄ ዳኜ" ብሎ ጻፈ። ቀኑን ቆጠረ፤ አርባዋ ጥር 3 ይውላል። ከዚያ ስሙን እንዲያመጣለት ለመኳንንት ልኮበት መልሱን ይጠብቅ ጀመር።

መኳንንት በታኅሣሥ አጋማሽ መጣ። ወዳጆ ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን አነሣለት። መኳንንት ግን የአውቶቡሱን መስታወት እየወለወለ ቀና አላለም። "የሷን አላገኘሁም፣ ጋሽ ወዳጆ" አለ። ወዳጆ ደግሞ እንዲጠይቅለት ለመነው። መኳንንት የእሷ እንደማይገኝ፣ ቢተወው እንደሚሻለው ተናግሮ ጨርቁን መቀመጫ ሥር ወረወረና ሞተሩን አስነሣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላሳፈረው ሰው በጠጄ ላይ እንዲህ መሆኑ ወዳጆን ግራ አጋባው።

የግሼ በግ ነጋዴዎች ግን አንድ ነገር ነገሩት። የጠጄ እናትና አባት ሞተዋል፤ የክርስትና እናቷ፣ አመተሥላሴ የሚባሉ አሮጊት፣ አሉ። ዓይናቸው አያይም እንጂ ልባቸው አልሳተም። ወዳጆ ለመምሬ ነገራቸው። እሳቸውም ስሙን እስከ ዋዜማው ካመጣላቸው በአርባዋ ፍትሐቱን እንደሚያደርሱላት ቃል ገቡለት።

በዚያን ጊዜ ከቀበሌው ለሚወጣ ሰው የገበሬ ማኅበሩ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ጸሐፊው ለስብሰባ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አልታወቀም። ዘነበች ጸሐፊውን እንዲጠብቅ ነገረችው። ወዳጆ ቀኑን በጣቱ ቆጠረና፣ "ለሐዘን የሚሄድ ሰው ወረቀት ይጠየቃል?" አላት። እሷም ቆሎና ዳቦ ቋጥራ ሰጠችው፤ ደብተሩን ከቆሎው ጋር ከተተው። ሰኞ ተነሣ፤ መሐል ሜዳ አደረ፤ ማክሰኞ ወደ ጓሳ ወጣ።

ጓሳ በሕግ የተጠበቀ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን የሚታጨደው፣ ከብቱም የሚገባው ሲፈቀድ ብቻ ነው። ድሮ የሚጠብቁት የአገሩ አባቶች ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ግን ጠብመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ይጠብቁት ነበር። ጭጋጉ ገና አልተገለጠም። ሁለት ጠባቂዎች አስቆሙትና ስልቻውን እንዲፈታ አዘዙት። የፈለጉት ማጭድ ነበር። ማጭድ ሲፈልጉ ደብተር አገኙ።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ማንበብ ይችላል። ገጹን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ትንሽ ካነበበ በኋላ ለጓደኛው አሳየው። ከዚያ በኋላ ስለ ማጭድ የጠየቀው የለም። በፊትና በኋላ ሆነው ወደ አንድ የገበሬ ማኅበር መጋዘን አወረዱት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ውባየሁ የሚባል ሽበት የጀመረው ሰው ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ካድሬ ግን ገና ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ ከከተማ ከተላከ ሦስት ወሩ ነው። ደብተሩን ደጋግሞ አገላበጠው። አሥራ ሰባት ሰው፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ስም፤ በያንዳንዱ ትይዩ ቀን። በከተማ ተደብቀው መንግሥትን የሚታገሉት ሰዎች እናት ካወጣችላቸው ስም ሌላ የሚጠሩበት የምሥጢር ስም እንዳላቸው በዚያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረም። ካድሬው ያየው ይህንን ነው።

"ወልደ ገብርኤል ማነው?" አለ።

"በረኛ ነበር፣ ጌታዬ።"

"የየትኛው መሥሪያ ቤት?"

"የኳስ ነው። ሞቷል።"

"ማን ገደለው?"

"ስኳር ነው ሲሉ ነው የሰማሁት።"

ካድሬው ቀልድ መሰለውና ጠረጴዛውን መታ። ወዳጆ ግን አልቀለደም። ስለ ክርስትና ስም፣ ስለ ፍትሐት፣ ስለ ራዲዮው፣ ስሞቹን ስለሚያመጣለት ሹፌር ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳ። ካድሬው ዘፋኝና ኳስ ተጫዋች ለመንዝ ሸማኔ ምኑ እንደሆነ ጠየቀው። ወዳጆ ይህን ጥያቄ ከጎረቤትም ሰምቶት ያውቃል፤ መልሱ ግን እንደዚያን ቀን ከብዶት አያውቅም። ስላስደሰቱት ነው አለ።

ሊቀመንበሩ በወጣትነቱ ዲያቆን ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የክርስትና ስም የሚባል ነገር በእርግጥ እንዳለ፣ እሱ ራሱም እንዳለው ተናገረ። ካድሬው ወደሱ ዞሮ፣ "ያንተስ ማነው?" አለው። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ወዳጆ አልተናገረም።

የመጨረሻዋ መስመር ነገሩን አባሰችው። ጠጄ ዳኜ በሚለው ትይዩ መካከሉ ባዶ ነው። ካድሬው ጣቱን እዚያ ላይ አኖረ።

"ይህችኛዋስ? ስም ለምን አልተሰጣትም?"

"ለሱ ነው የምሄደው።"

"ልትሰጣት?"

"ልቀበልላት" አለ ወዳጆ።

መጋዘኑ ውስጥ ከገብስ ጆንያ ጋር አሥራ ሦስት ቀን ዋለ። አልመቱትም፤ ይህን ሁልጊዜ ያመሰግናል። ለሌሎች የሆነውን ሰምቷልና። ስሞቹን አገኘሁ የሚለው ሹፌር መጥቶ እስኪመሰክር ድረስ ይቆያል ተባለ። ሹፌሩ ደግሞ መኪናው ተበላሽቶ ደብረ ብርሃን ቆሟል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ተሠርቶ ወደ አዲስ አበባ ወርዷል ይሉታል። በሩን የሚጠብቀው ሰው ወዳጆ ለምን እንደሚጨነቅ አይገባውም ነበር፤ መቼም ሹፌር ሆኖ የማይመጣ የለም፣ ቢዘገይ ምንህ ይጎዳል ይለዋል። ወዳጆ ግን ቀን የሚቆጥረው ለራሱ አልነበረም። ጥር 3 እየቀረበ ነው። ግሼ ማዶ፣ ከዚያ ደጃፍ አንድ ቀን ተራምደው የሚደርሱበት ቦታ፣ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ያንን ስም በአፋቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እሱ እዚህ ነው። ለአሮጊቷ መልእክት ለመላክ ሞከረ፤ እስረኛ የላከውን ማን ይወስድለታል? የልደት ዕለት ከሩቅ ከበሮ ሰማ። ዳዊቱን በቃሉ ይደግም ነበር፤ አንዳንዴ መዝሙሩ መካከል ላይ ሲደርስ ያቆመውና፣ መኳንንት እንዲመጣ ብቻ ይለምናል። መኳንንት ከመጣ ሁሉ ነገር ይታወቃል ብሎ ያምን ነበር።

መኳንንት ጥር 1 ቀን መጣ። ጠባቂ ከመሐል ሜዳ ይዞት ወጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በዚያ ብርድ ግንባሩን አልቦታል። ወዳጆ ሲያየው ተነሥቶ ሊስመው ነበር፤ አስቀመጡት።

ካድሬው የጠየቀው ቀላል ነበር። እነዚህ ስሞች እውነት ናቸው? እውነት ከሆኑ ከማን፣ ከየትኛው ቤት፣ በየትኛው ቀበሌ ነው የተቀበላቸው? መኳንንት ወደ መሬት እያየ ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ጀመር። ወዳጆ ሊያበረታው ፈልጎ፣ "ንገራቸው እንጂ፣ መኳንንት። የደበቅነው ነገር የለም" አለው።

"ውሸት ነው" አለ መኳንንት።

"የቱ?"

"ሁሉም። ከራሴ ነው ያወጣኋቸው።"

ከዚያ እንደተቋጠረ ነገር ተፈታ። መጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ቀልደኛ የሞተ ጊዜ፣ በእውነት ለቅሶው ቤት ሄዶ ነበር። ደጁ በትልልቅ ሰዎችና በመኪና ተሞልቷል። ዘበኛው ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው አፈረ፤ ምን ብሎ ይናገረው? ተመለሰ። መሐል ሜዳ ሲደርስ ወዳጆ ከመኪናው ሥር ቆሞ ጠበቀው። ዕለቱ ሚካኤል ነበር፤ ገብረ ሚካኤል አለው። ወዳጆ እንደዚያ ሲደሰት ካየ በኋላ ውሸት ነው ማለት አቃተው፤ ሁለተኛው ቀላል ሆነ፤ ሦስተኛው ልማድ።

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ሳበና በቀኝ ያለውን ቀን ተከትሎ ጣቱን እያወረደ አነበበ። "አሥራ ሁለት፣ ገብረ ሚካኤል። ሃያ ሦስት፣ ወልደ ጊዮርጊስ። አሥራ ስድስት፣ ወለተ ኪዳን። አሥራ ዘጠኝ፣ ወልደ ገብርኤል። ሃያ አንድ፣ አጸደ ማርያም።" እዚህ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። በወሩ ውስጥ የትኛው ቀን የየትኛው ታቦት እንደሆነ በዚያ አገር ዲያቆንነት የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል። አሥራ ሰባቱም ሰዎች ክርስትና የተነሡት በአውቶቡስ መድረሻ ቀን ነበር። ሊቀመንበሩ መሳቅ ጀመረ። ለካድሬው ሲያስረዳውም ሳቁ ያቋርጠዋል። ካድሬው በመጨረሻ ገባውና እሱም ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ በሩን የሚጠብቀው ሰውም ምን እንደሆነ ሳይሰማ ሳቀ።

ወዳጆ ደብተሩን ከሩቅ ያየዋል። ጽሕፈቱ የራሱ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ገጽ ሲያነበው ኖሯል፤ ቀኑንም ስሙንም ጎን ለጎን የጻፈው እሱ ነው። ሊያምን የፈለገ ዓይን ነበርና አላየውም።

"የጠጄንስ?" ብሎ ብቻ ጠየቀ። "የሷን ለምን እንደሌሎቹ አልነገርከኝም?"

መኳንንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። "የሷን አፌ እንቢ አለኝ፣ ጋሽ ወዳጆ። ሁለት ጊዜ ወደ አገሯ ስትመጣ በመኪናዬ አምጥቻታለሁ። አጠገቤ ተቀምጣ ሙሉ ቀን እያወራች። የክርስትና ስምሽ ማነው ብዬ አልጠየቅኋት። ማን ይጠይቃል?"

ከሰዓት በኋላ ለቀቋቸው። ደብተሩ ለመረጃ ይቀራል ተባለ። ካድሬው ለወዳጆ ወረቀት ጻፈለት፤ ወደ መኖሪያው ብቻ ይላል። ወዳጆ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ወደ ግሼ እንዲሻገር ለመነ፤ ከዚያ ሌት ተቀን ተጉዞ እንደሚመለስም ማለ። ካድሬው አልተቆጣም። ሳቁ አልፎለት የደከመው ይመስል ነበር። "አባት፣ እኔ ስለሳቅሁ ነው የሚሄዱት" አለው። "ማዶ ያለው ኬላ ላይስቅ ይችላል።"

እስከ መሐል ሜዳ ከመኳንንት ጋር አብረው ወረዱ። መኳንንት መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲለምን፣ ሲያስረዳ፣ ደግሞ ሲለምን ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ወለተ ኪዳን የምትባል የሞተች ሴት በዓለም ላይ ትጠፋለች ወይ፣ ጸሎቱ ለአንዷ ሳይደርስ አይቀርም አለው። ወዳጆ አልመለሰለትም። ቁጣ በልቡ ፈልጎ አላገኘም። ያሰበው ስለ ዋሽንት ነፊው ነበር፤ ስለ ዜና አንባቢዋ፤ ስለ ሽማግሌው አርበኛ። ሁሉንም ደህና ቦታ አድርሻቸዋለሁ ብሎ እፎይ ካለ ቆይቷል። አሁን የት ሄዶ ማንን ይጠይቅ? የአንዳንዶቹ ቤተሰብ ከተማውን ለቆ ተበትኗል፤ ሰባት ዓመት ብዙ ነው፤ ያ ዘመን ደግሞ የሰው ደጅ እያንኳኩ የሟች ስም የሚጠይቁበት አልነበረም። ሲለያዩ መኳንንት እጁን ዘረጋ፤ ወዳጆ ጨበጠው፤ በሰላም ግባም አለው።

ጥር 2 ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤቱ ደረሰ። ዘነበች ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥላ እግሩን አየች። ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ ጠላውን ጠምቃ፣ ባቄላና ስንዴውን ዘፍዝፋ ነበር። ስሙን አገኘኸው ወይ አላለችውም። ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።

ከመጨለሙ በፊት ወደ መምሬ ሄደና ሁሉን ነገራቸው። መምሬ ደጃቸው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ሰባት ዓመት በመሠዊያው ፊት ጠራኋቸው" አሉ። ወዳጆ ይገሥጹኝ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ቢገሥጹት ደስ ይለው ነበር፤ ንስሐ ቢሰጡትም ይቀበለው ነበር። እሳቸው ግን በትራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ፣ "ምን እንደምልህ አላውቅም፣ ልጄ" አሉት። ወዳጆ መምሬን አላውቅም ሲሉ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ለጠጄ ነገ ይቁሙላት ብሎ ለመናቸው። መጽሐፉን ይዘው እንደሚመጡ፣ ስሙ ጋ ሲደርሱ ግን ምን እንደሚሆን እንደማያውቁ ነገሩት።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ጾም ነው። ዘነበችና ሁለት ጎረቤቶቿ ንፍሮውን በቁና፣ ጠላውን በእንስራ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አደረሱት። ነዳያኑና ሽማግሌዎቹ ጽዱ ሥር ተቀመጡ። ነፋስ ስለነበረ መምሬ መጽሐፉን በደረታቸው ከልለው ነው የሚያነቡት። ወዳጆ ከፊታቸው ቆመ። ሲያነቡ ሲያነቡ ቆይተው፣ "አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ አመትከ" አሉና አቆሙ። ጌታ ሆይ የባሪያህን ነፍስ አሳርፍ ማለት ነው፤ የሟቿ ስም የሚጠራበት ቦታ ነበር። ከመጽሐፉ ቀና ብለው ወዳጆን አዩት። ወዳጆ አፉን ከፈተ። ጠጄ ማለት ይችላል፤ ያ ግን እዚህ አይሠራም። ከታቦታቱ አንዱን ጠርቶ አንድ ስም ማለትም ይችላል፤ መኳንንት ያደረገው ይህንን ነው፤ ዛሬ እንዴት ቀላል እንደሆነ ገባው። አፉን መልሶ ገጠመ። መምሬ አንድ ስም ለመጥራት የሚበቃ ጊዜ ያህል ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መጽሐፉ መልሰው ቀጣዩን ቃል አነበቡ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ወዳጆ ቁናውን አንሥቶ ንፍሮ ማደል ጀመረ። የሚቀበለው ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል። ከዳር የተቀመጡት እማማ አማከለች፣ ከወንዝ ማዶ የመጡ አሮጊት፣ ሁለት እጃቸውን እንደዘረጉ፣ "የማን ተዝካር ነው ልጄ?" አሉት።

"የጠጄ ዳኜ ነው፣ እማማ።"

"የዘፋኟ?"

"አዎ።"

እማማ አማከለች እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ምን ነካህ? ትናንት ልጄ ቤት በራዲዮ ስትዘፍን ሰምቻት ነው የመጣሁት። ስሟን ጠርተው ነው ያስገቧት። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ይወጣል እንዴ?"

አጠገባቸው የተቀመጠው ሽማግሌ ሳቀ፤ ሌላውም ሳቀ። ወዳጆ የሞተ ሰው ዘፈን በሸክላ እንደሚቀር ሊያስረዳቸው አስቦ ነበር። ከዚያ ተወው። እጃቸውን እስኪዘረጉ ጠበቃቸው፤ ንፍሮውን በሁለት እጃቸው ላይ ሞልቶ አደረገላቸውና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።